የ8 ዓመት ወንድሜ (ኦቲዝም)፦ መብራት ሲጠፋ፣ ፀጉር ሲቆረጥ እና ምግብ ላይ ምን ይሻላል?

እህቱ ነኝ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ 8 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው ("ውሃ"፣ "እንሂድ"፣ "እምቢ")፣ የሚባለውን ግን ከሚናገረው በላይ ይረዳል። የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እማዬ፣ አያታችን፣ እኔና እሱ። ኦቲዝም ምን እንደሆነ አንብበናል፣ ሐኪምም አስረድቶናል። የቸገረን የየዕለቱ ነገር ነው።

መብራት ሲጠፋ ይጮኻል፣ እስኪመጣ ድረስ ማብሪያ ማጥፊያውን ከመነካካት አይላቀቅም፣ አንዳንዴ ጭንቅላቱን በእጁ ይመታል። ፀጉር ላይ ደግሞ ቶንዶሱን ገና ሲያየው ይሮጣል፤ እስካሁን የሚቆረጠው ሁለት ሰው ይዞት ነው፣ ይሄ እንዲቀር እንፈልጋለን። ሦስተኛው ምግብ ነው። ነጭ ፓስታ ምንም ሳይነካው፣ ዳቦ በሻይ፣ ሙዝ፣ አንድ ዓይነት ብስኩት። በቃ። እንጀራ ፊቱ ሲቀርብ ሰሃኑን ይገፋል። አያታችን "ሲርበው ይበላል፣ አታሞላቅቁት" ትላለች። እውነቷን ነው?

እንቁጣጣሽም እየደረሰ ነው፣ ቤታችን እንግዳ ይበዛል።

መምህር (ልዩ ፍላጎት)፦

እህቴ፣ እኔ ከመብራቱ ልጀምር። የሚያስጮኸው ጨለማው ራሱ ላይሆን ይችላል። ቴሌቪዥኑ መሐል ላይ ይቆረጣል፣ የፍሪጁ ድምፅ ዝም ይላል፣ ጎረቤት "ውይ፣ ሄደ!" ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ከታች ጄኔሬተር ይነሳል። ይሄ ሁሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የሚወርድበት። ማብሪያ ማጥፊያውን መነካካቱም ሞኝነት አይደለም፤ እስከዛሬ መብራት ሲመጣ ያየው በዚያ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ሲጠፋ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ፣ እና እጁ የሚይዘው ሌላ ሥራ።

በስልክሽ ሦስት ፎቶ አንሺ፦ የጠፋ አምፖላችሁን፣ ቻርጅ የሚደረገውን ባትሪያችሁን፣ እና አንድ የካርቶን ሣጥን። ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕል አይሁን፤ የሌላ ሰው አምፖል ለእሱ የሌላ ሰው አምፖል ነው። ፎቶ ቤት 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትሚና ሁለቱንም ጎን በሰፊ ስኮች ሸፍኚው፣ አለዚያ በሳምንቱ ይቀደዳል። ሦስቱን ከግራ ወደ ቀኝ ደርድረሽ ከማብሪያ ማጥፊያው ጎን በእሱ ዓይን ከፍታ ለጥፊ። ሣጥኑ ውስጥ የሚወዳቸውን ሁለት ሦስት ዕቃዎች ክተቺ፣ የሚወጡትም መብራት ሲጠፋ ብቻ ይሁን። በቪዲዮ የሚረጋጋ ከሆነ ቪዲዮው አስቀድሞ የወረደ ይሁን፤ ኔትወርኩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሣጥኑ በሌላ ቀን ከተከፈተ ተራ አሻንጉሊት ይሆናል፣ እዚህ ላይ ጨከን በዪ።

ከዚያ ልምምድ። ቀን በብርሃን፣ ጠግቦና ተረጋግቶ ሳለ። ፎቶዎቹን እያሳየሽ "መብራት ጠፋ፣ ባትሪ፣ ሣጥን" በዪ፣ የክፍሉን መብራት ለ10 ሰከንድ አጥፊ፣ ሣጥኑን ክፈቺ፣ አብሪ። ሦስት ቀን በተከታታይ ሳይረበሽ ካለፈ 30 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 2 ደቂቃ፣ ቀጥሎ አመሻሽ ላይ፣ በመጨረሻ ከቆጣሪው ላይ። የቆጣሪው ልምምድ እንዳይዘለል፤ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑንም ስለሚያጠፋ ከእውነተኛው ጋር የሚመሳሰለው እሱ ብቻ ነው።

ብዙ ቤት የሚበላሸው "አሁን ይመጣል" በሚለው ቃል ነው። ለእሱ አሁን ማለት አሁን ነው፤ ቃሉን አምኖ ግድግዳው ሥር ቆሞ ይጠብቃል፣ ሳይመጣ ሲቀር ጩኸቱ ይብሳል። "መብራት የለም። አሁን ሣጥን" ይበቃል። ሲመጣም ድንጋጤ አለ፤ ቴሌቪዥኑ በሙሉ ድምፁ እንዳይነሳበት ልክ ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ለዕቃውም ይጠቅማል። ሻማ ግን እሱ ባለበት ክፍል ባይበራ እመርጣለሁ።

ራሱን በሚመታበት ሰዓት አንድ ሰው ብቻ አጠገቡ ይቅር፣ ሌላው ይውጣ። እጁን ከመያዝ ይልቅ በእጁና በጭንቅላቱ መሐል ትራስ ወይም የተጣጠፈ ጋቢ ማስገባት ይሻላል። ምክርና ጥያቄ ("ምን ሆነህ ነው? ንገረኝ") በዚያ ሰዓት እንደ ተጨማሪ ጩኸት ነው የሚሰማው። ውሃ ፊቱ ላይ አይረጭ። ዝም ካለ በኋላም ወደ ሥራ አትመልሱት፤ ሰውነቱ ለመርጋት 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል።

ፀጉር አስተካካይ፦

ስለ ቶንዶሱ እኔ ልበል፣ ሙያዬ ነው፤ እንደዚህ ያሉ ልጆችንም እቆርጣለሁ።

መጀመሪያ መሣሪያው ይታይ። ምላጩ የደነዘዘ ቶንዶስ ፀጉር ይጎትታል፤ ልጁ "ያማል" ማለት ባይችልም እያመመው ነው። ምላጩ ይጽዳ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ይደረግበት፣ ድምፁም ይቀንሳል። ሲቆይ ደግሞ ይግላል፤ በየጥቂት ደቂቃው በራስሽ የእጅ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ሞክሪው፣ ካቃጠለሽ ያቃጥለዋል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ቶንዶስ ከትልቁ ባለገመድ ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ማበጠሪያውን ቁጥር 3 ወይም 4 ግጠሚ። ባዶ ብረት ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚገባው፤ አብዛኛው ልጅ እምቢ የሚለው እዚያ ጋ ነው። ስለዚህ ከማጅራት ጀምሮ ወደ አናት፣ ከዚያ ጎን፣ ጆሮ አካባቢ መጨረሻ።

ልምምዱ በቀን 2 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። የጠፋ ቶንዶስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማየት። መንካት። የጠፋውን ክንዱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ማጅራቱ ላይ ማስኬድ። ሌላ ክፍል ውስጥ በርቶ መስማት። እዚያው ክፍል በርቶ መስማት። የበራውን በጀርባው በኩል (ምላጭ በሌለው) መዳፉ ላይ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ። ከዚያ አንድ ጊዜ ማጅራት ላይ። አንዱን ደረጃ ሁለት ሦስት ቀን ተረጋግቶ ሳያልፍ ወደሚቀጥለው አይኬድ። አንዱ ላይ ከተጣበቀ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ መመለስ እንጂ መግፋት የለም።

በዚህ መሐል "በቃ" የሚል ካርድ ወይም የእጅ ምልክት ይኑረው፣ ባሳየ ቁጥርም ወዲያው ይቁም። ሰው የሚፈራው እዚህ ላይ ነው፤ "ሁሌ በቃ ካለስ?" ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሌ ሊል ይችላል። ማቆሚያው በእጁ መሆኑን ሲያምን ግን እየቆየ ነው የሚጠቀመው። ምልክት ከሌለው ማስቆሚያው ለቅሶና ሩጫ ብቻ ነው።

ሌላው የሚወድቀው ፀጉር ነው። ፎጣ በአንገት መጠምጠም ብዙዎቹን ያንቃቸዋል፤ አሮጌ ቲሸርት ለብሶ ይቆረጥና እንዳለቀ ይውለቅ። አንገቱ ላይ ትንሽ ፓውደር። በለስላሳ ብሩሽ አታራግፉት፤ ቀላል ንክኪ ብዙዎቹን ከጠንካራው በላይ ይረብሻቸዋል። ፎጣ ጫን አድርጎ ማንሳት ይሻላል። ሲነካም እጅ ረጋና ጠንከር ብሎ አናቱ ላይ ይረፍ እንጂ አይዳብስ።

ወደ ፀጉር ቤት የሚሄድ ከሆነ ጠዋት ልክ ሲከፈት፣ ሬዲዮ ጠፍቶ፣ ሌላ ቶንዶስ ሳይበራ። ለአስተካካዩ ቀድመሽ ንገሪው፤ እምቢ ካለ ሌላ ፈልጊ፣ ልጅ ጨብጦ የሚቆርጥ ለእናንተ አይሆንም። ልምምዱ ሳያልቅ ፀጉሩ ከረዘመ ቪዲዮ እያየ በመቀስ በቀን አምስት ስድስት ቁራጭ ብቻ። ላይስተካከል ይችላል፤ ይሁን። የተንጋደደ ፀጉር ማንንም አልገደለም።

ነርስ እታለም፦

አያታችሁ የሚሉት ለአብዛኛው ልጅ ይሠራል። ምርጫው በዚህ ደረጃ ለጠበበ የኦቲዝም ልጅ ግን አደገኛ ነው፤ አንዳንዶቹ ረሃብን እንደ እኛ አይሰሙትም፣ ሌሎቹ የማይቀበሉትን ከመብላት መራብን ይመርጣሉ።

ከምግቡ በፊት ሰውነቱ ይታይ። የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ የጨጓራ ቃር ያለበት ልጅ ለስላሳና ያው የሚያውቀውን ብቻ ይይዛል። በሳምንት ከሦስት ጊዜ በታች የሚወጣ ወይም ሲወጣ የሚያምጥ ከሆነ ድርቀቱ ይታከም፤ ፓስታ፣ ዳቦና ብስኩት ራሳቸው ያባብሱታል። የገለጻችሁት ምግብ ብረት፣ ቫይታሚን ኤ እና ቫይታሚን ሲ በጣም ያንሰዋል። ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (የሰውነቱን የብረት ክምችት የሚያሳይ የደም ምርመራ) አስለኩ። ድዱ ከደማ፣ እግሬን ብሎ መራመድ ካቆመ፣ ማታ ማታ ማየት ካቃተው፣ አፈር ወይም የግድግዳ ቀለም ከበላ፣ ክብደቱ ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሻዩን ደግሞ ከምግብ ጋር አትስጡት፤ ያለችውን ትንሽ ብረት እንዳትገባ ይይዛታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ።

አሁን ገበታው። ምግብ በቋሚ ሰዓት፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ወይም በሦስት ሰዓት ልዩነት፣ በመሐል ብስኩት የለም፣ ውሃ ብቻ። በእያንዳንዱ ገበታ ላይ የሚበላው አንድ ነገር የግድ ይኑር። አዲሱ ምግብ በሌላ ትንሽ ሰሃን፣ መጠኑ የምስር ፍሬ ያህል። ዓላማው መብላት አይደለም። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ መኖሩን ይታገሥ፣ ከዚያ ከሰሃኑ አጠገብ፣ ከዚያ በሹካ መንካት፣ በእጅ መንካት፣ ማሽተት፣ ከንፈር ማስነካት፣ መላስ፣ ነክሶ መትፋት (ይፈቀድ፣ መትፊያ ሰሃን ይኑረው)፣ በመጨረሻ መዋጥ። አንድ ምግብ 10 ወይም 15 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል። አብዛኛው ቤት በሦስተኛው ቀን "አይወደውም" ብሎ ይተዋል።

ምን እንደሚቀርብ ሲመረጥ ከሚበላው ተነሱ። ብስኩት የሚወድ ልጅ የሚወደው ደረቅና ኩርሽም የሚል ነገር ነው። እንጀራ ደግሞ እርጥብ፣ ለስላሳ፣ ኮምጣጣ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ። ስለዚህ ወደ እንጀራ የሚወስደው መንገድ በወጥ በኩል አይደለም፣ በድርቆሽ በኩል ነው፦ ምንም ያልነካው፣ በደንብ የደረቀ፣ በጥፍር መጠን የተሰበረ። ዳቦ ቆሎም ከብስኩቱ ብዙ አይርቅም። ከዳቦው ወደ ቂጣ። ከስፓጌቲው ወደ መኮሮኒ፣ ከዚያ መኮሮኒው ላይ ጥቂት ጠብታ ዘይት። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ቅርፁ ሲቀየር ማጣፈጫው ያው ይሁን።

ጉርሻ ግን ይቅር። ፍቅር መሆኑን እናውቃለን፣ እሱ ግን የሚያውቀው ያልጠበቀው ነገር አፉ ውስጥ መግባቱን ነው፤ ትንታም አለ። የጋራ ትሪ ላይም አይቀመጥ፤ ወጥ ወደ እሱ በኩል ሲፈስ ፓስታውም ይበላሽበታል። የራሱ ሰሃን፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ።

እህቱ ነኝ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ድርቆሹን በጭራሽ አላሰብነውም ነበር።

ሁለት ነገር ልጨምር። እማዬ ሽሮውን አቅጥና ፓስታው ውስጥ ሳያይ ልትቀላቅልለት አስባለች፣ ይሆናል? ሌላው፣ ሰሞኑን በር ከፍቶ ብቻውን ደረጃ መውረድ ጀምሯል። አያታችን ደግሞ ጠበል ይወሰድ እያለች ነው።

ነርስ እታለም፦

ሽሮው ተደብቆ አይግባ። እነዚህ ልጆች ቀለምና ሽታ ላይ ንቁ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ካገኘው ፓስታውንም ሊተወው ይችላል፣ ያኔ የሚበላው ከአራት ወደ ሦስት ወረደ። ሽሮው ለብቻው በትንሽ ሰሃን፣ በማንኪያ ጫፍ ታህል ይቅረብ። ለስላሳና አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሽንኩርቱ ካልተገኘበት፣ ከሌላው ወጥ የተሻለ ዕድል አለው።

ጠበሉን በተመለከተ አያታችሁን አትከራከሩ። ሦስት ነገር ብቻ ይጠበቅ። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አንድም ቀን አይቋረጥ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት። ኦቲዝም ካለባቸው መሐል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ጥቂት አይደሉም፣ መድኃኒቱ ድንገት ሲቆም ደግሞ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ፊቱ ላይ ከሚረጭበት በራሱ ኩባያ ቢጠጣው ወይም እጁን ቢነከር ይሻላል፤ ካህኑን ቀድማችሁ ብታስረዱ ብዙዎቹ ይረዳሉ። ሦስተኛ፣ መታሰርና መያዝ በፍጹም አይሁን። እናንተ ሳትኖሩም እዚያ እንዳያድር።

ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ሪስፔሪዶን የመሰለ መድኃኒት ሐኪም ሲያዝ ከባድ ቁጣንና ራስን መጉዳትን ለመቀነስ ነው፤ የምግብ ፍላጎትና ክብደት ይጨምራል፣ ስለዚህ ክብደቱ በየወሩ ይመዘን።

ደጀ ሰላም፦

በሩ ከሁሉም በፊት ነው፣ ለምን መጨረሻ ላይ እንደመጣ አልገባኝም። ዛሬ የሚሠራው ዛሬ ይሠራ።

በሩ ላይ ከአዋቂ ትከሻ በላይ መቀርቀሪያ ይመታ፣ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን፤ እሳት ቢነሳ ቁልፍ ፍለጋ የለም። በር ሲከፈት የሚጮህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማንቂያ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይገኛል፤ ከሌለ ቃጭል እጀታው ላይ ማንጠልጠል ይበቃል። በረንዳውን ሂዱና እዩት፦ ወንበር፣ ባልዲ፣ የውሃ በርሜል፣ ማንኛውም ሊወጣበት የሚችል ነገር ከአጥሩ ይራቅ። 3ኛ ፎቅ ነው ያላችሁት።

የእናንተ ስልክ ቁጥር ልብሱ ውስጠኛ በኩል ይሰፋ ወይም በማይለቅ ማርከር ይጻፍ። አንገት ላይ የሚንጠለጠል አይሁን፣ ይጎትተዋል፣ ሊያንቀውም ይችላል። ፎቶውን ለግቢው ጥበቃ፣ ታች ላለው ሱቅ፣ ጀበና ቡና ለምትሸጠዋ፣ ለታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ አሳዩ። የምትነግሯቸው ዓረፍተ ነገር አጭር ይሁን፦ "ብቻውን ካያችሁት አትሩጡበት፣ አትጩኹበት፣ ከጎኑ ሁኑና ደውሉልን።" ከኋላው ሲሮጡ ጨዋታ ይመስለዋል ወይም ይደነግጣል፣ ሁለቱም ወደ አስፋልት ነው የሚወስዱት።

ከጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው ውሃ ያለበት ነው፦ ወንዝ፣ ክፍት ጉድጓድ፣ የግንባታ ቦታ ላይ የተጠራቀመ ውሃ። ብዙዎቹ ውሃ ይስባቸዋል፣ የሚሞቱትም በአብዛኛው በመስጠም ነው። የሚወደውን ቦታ ከዚያ በኋላ።

እና ለምን እንደሚወጣ ፈልጉ። ደብተር ላይ ለሁለት ሳምንት ሦስት ዓምድ ሥሩ፦ ከመውጣቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን አገኘ። ሰዓቱም ይጻፍ። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ሰዓት ላይ ከሆነ ከጭሱ እየሸሸ ነው። ሱቁ ጋ ሄዶ ብስኩት ከተሰጠው ደግሞ ሱቁ ነው ያስተማረው፤ ባለሱቁ እንዲያቆም ይነገረው፣ ልጁም "እንሂድ" የሚለውን ቃል በካርድ እየጠየቀ ከእናንተ ጋር በቀን አንድ ጊዜ ይውረድ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበል። እዚህ አሜሪካ ያለን ወላጆች "ግራ እንዳይገባው በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት" ስንባል ከርመናል። ጥናቶች ይህን አይደግፉም፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የኦቲዝም ልጅን ንግግር አያዘገይም፣ ቤት ውስጥ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የምታወራ እናት ግን ከልጇ ጋር ብዙ ወሬ ይቀርባታል። አማርኛችሁን አውሩት። ልጁ 3 ዓመት ከሞላው የትምህርት ቤቱን ዲስትሪክት በጽሑፍ ግምገማ ጠይቁ፤ በቃል የተጠየቀ ይረሳል፣ የጽሑፉን ቅጂና ቀኑን ያዙ። በአይኢፒ (የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ፣ ክፍያው የትምህርት ቤቱ ነው። ትልቁን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

መምህር (ልዩ ፍላጎት)፦

ለእናትሽ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ዘሚ የኑስ የመሠረቱትን ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን፣ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ያለውን የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክም ጠይቁ። ቦታ እስኪገኝ ቤት ውስጥ የሚሠራው አይቁም።

ወደ እንቁጣጣሽ። ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ የዘመን መቁጠሪያ ላይ በየማታው አንድ ቀን ያጥፋ። የዋዜማው ችቦና ርችት ድምፁም ብልጭታውም ድንገተኛ ነው፤ ከመስኮት የራቀ ክፍል፣ መጋረጃ፣ እና የጆሮ መከላከያ ይዘጋጅ። ግንባታ ላይ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ዓይነት ከግንባታ ዕቃ መሸጫ ግዙ፤ አሁኑኑ ተገዝቶ በጸጥታ ሰዓት በቀን 5 ደቂቃ ይልመደው። ቀኑን ሙሉ ግን አይደረግ፣ ጆሮው ተራውን ድምፅም አለመታገሥ ይለምዳልና።

እንግዳ ሲመጣ ሦስት ጊዜ መሳም ይቀራል። ወንድምሽ እጁን ያውለብልብ ወይም መዳፉን ያጋጭ፤ እንግዶቹ በር ላይ ሳይሆኑ ቀድመው በስልክ ይነገራቸው፣ አያታችሁ ቢነግሩላችሁ ደግሞ ማንም አይቀየምም። እሱ የሚገባበት አንድ ክፍል ለእንግዳ ዝግ ይሁን፣ የጓዳውም በር አይቆለፍበት። ዶሮ ወጡ ሲወጠወጥ ሽታው ቤቱን ስለሚሞላው የሱ ፓስታ ቀደም ብሎ ይቀቀልና እዚያ ክፍል ይብላ፤ ያን ቀን አዲስ ምግብ አይሞከርም።

አበባየሆሽ የሚሉት ልጆች በር ላይ ድንገት ከበሮ ይመታሉ። ከጠዋቱ አንድ ሰው ደረጃው ላይ ይቁምና ልጆቹ ታች ግቢው ውስጥ እንዲዘፍኑ ይጠይቃቸው፣ ሽልማታቸውንም እዚያው ይስጣቸው። ወንድምሽ ከፈለገ ከበረንዳው መስታወት ጀርባ ያያቸዋል፤ ካልፈለገ ሣጥኑን አንድ ጊዜ መብራት ሳይጠፋ መክፈት ትችያለሽ፣ ጨከን በዪ ያልኩትን ለዚያ ቀን አንስቻለሁ።